ስንዴና ገብስ ለማይስማማቸው የሚሆን የቤት ቁርስ

በከተማችን በየቤቱ ጧት ጧት የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጆቹ ምን ቀምሰው ይሂዱ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለብዙዎቹ እናቶች ቀላል ነው። ዳቦ ካለ ዳቦ፥ ዳቦ ከሌለ ቂጣ፥ ቂጣም ካልተጋገረ በሶ በጥብጦ መስጠት ነው። በሠፈራችን ለምትኖር ለአንዲት እናት ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚፈጸም አልሆነላትም። የሰባት ዓመት ልጅዋ ሆዱ እየተነፋ፥ እጅና እግሩ እየቀጠነ፥ ሁለት ዓመት ያህል ሲታመም ከቆየ በኋላ፥ ሐኪሞች ደሙንና አንጀቱን መርምረው ሕመሙ ሴልያክ የሚባለው መሆኑን ነገሯት። መድኃኒቱም ከፋርማሲ የሚገዛ ሳይሆን ስንዴንና ገብስን ከልጁ አፍ ማራቅ ብቻ መሆኑን ገለጡላት። እርስዋም ወደ ቤትዋ ተመልሳ ጓዳዋን ብትመረምር፥ ለቁርስ ከምታዘጋጀው ሁሉ ልጅዋ ሊቀምሰው የሚችለው ከእንቁላልና ከወተት በቀር አልተገኘም።

እንጀራ የሚበላ ሕዝብ ስለ ስንዴ ምን ያስጨንቀዋል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ምሳችንና ራታችን ጤፍ በሆነበት ቤት በእርግጥ ብዙ ችግር የለም። ቁርሳችንን አንድ በአንድ ስንቈጥረው ግን ነገሩ ይለወጣል። ገንፎው የገብስ ነው። ቅንጬው የስንዴ ወይም የገብስ፥ አለዚያም የአጃ ነው። በሶው ገብስ ነው፤ ጭኮውም ያው በሶ በቅቤ የታሸ ነው። ጨጨብሳው የስንዴ ቂጣ ነው። ፉሉ ራሱ ባቄላ ቢሆንም የሚበላው በዳቦ ነው። ከሻይ ጋር የሚቀርበው ብስኩትና ቦምቦሊኖማ የሚጠየቅ አይደለም። እንግዲህ በቀን ውስጥ ካሉት ማዕዶቻችን ሁሉ ለዚህ ሕመምተኛ የሚያስቸግረው የጧቱ ማዕድ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ግሉተን የሚባለው የፕሮቲን ዓይነት ነው። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው፥ ዳቦውም በምድጃ ውስጥ አየር ይዞ የሚነፋው በግሉተን ኀይል ነው። የዚሁ ዘመድ የሆኑ ፕሮቲኖች በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥም ይገኛሉ። ለጤነኛ ሰው ምንም ጕዳት የላቸውም። ሴልያክ ባለበት ሰው ግን ሰውነቱ ይህን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቈጥሮ ሊዋጋው ሲነሣ የገዛ ራሱን አንጀት ይጎዳል። በትንሹ አንጀት የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ምንጣፍ ጠጕር ቀጥ ብለው የቆሙ፥ የተፈጨውን ምግብ እየሳቡ ወደ ደም የሚያሳልፉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች አሉ። እነዚህ ሲጎዱ ጠፍጥፈው ይተኛሉ። ያን ጊዜ ሰውየው የበላው ምግብ አይዋሐደውም። ልጅ ከሆነ እድገቱ ይገታል፤ ዐዋቂም ከሆነ ደሙ ያንሳል፥ ቶሎ ይደክማል፥ ውሎ ሲያድርም አጥንቱ ይሳሳል። ጥናት በተደረገባቸው በብዙ አገሮች ከ100 ሰዎች አንዱ ያህል ይህ ሕመም እንዳለበት ታውቋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ምን እንደ ያዛቸው ሳያውቁ ይኖራሉ።

ሕመሙ ከዳቦ የሚመጣ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ሳሙኤል ጊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1888 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የሕመሙን ጠባይ ዘርዝሮ ሲጽፍ፥ ፈውስ ቢገኝለት በምግብ በኩል መሆን እንዳለበት አመልክቶ ነበር፤ ጥፋቱ የየትኛው ምግብ እንደ ሆነ ግን አላወቀም። ይህን ያወቀው ቪለም ካሬል ዲኬ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ዲኬ በሄግ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠራ ገና ከጦርነቱ በፊት በ1930ዎቹ ዓመታት ስንዴን ይጠራጠር ነበር። በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት ደግሞ፥ ጀርመኖች በያዙት የሆላንድ ክፍል ብርቱ ረኃብ ሆነ። ዳቦ ጠፋ፤ ሰዉም የአበባ ሥር እየቀቀለ እስከ መብላት ደረሰ። ጤነኛው ሁሉ በከሳበት በዚያ ወራት የሴልያክ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ጦርነቱ አልቆ ዳቦ ሲመለስ ግን ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ዲኬም ምርመራውን ቀጥሎ በ1950 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክቶርነት ጽሑፍ የስንዴን ጥፋት አስረዳ። ረኃብ ለአንዳንዶች መድኃኒት ሆነ ቢባል የሚያምን ሰው አይኖርም፤ ሆኖም የሆነው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሆዱን የነፋው ሰው ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። አንዳንድ ሰዎች በውጭ አገር ልማድ ተስበው፥ ሐኪም ሳያያቸው ስንዴን ይተዋሉ። ይህ ሁለት ጕዳት አለው። ሕመሙ ለሌለበት ሰው ዳቦን መተው የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ሕመሙ ላለበት ሰው ደግሞ ከምርመራው በፊት ስንዴ መተው ምርመራውን ያበላሸዋል። ሐኪሞች ምልክቱን በደም ውስጥና በአንጀት ላይ የሚያገኙት ሰውየው ስንዴ እየበላ በቆየበት ጊዜ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ መሄድ፥ ከዚያም በኋላ ምግቡን መለወጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ከተረጋገጠ ግን ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ ነው፤ በበዓል ቀን ትንሽ ቢቀምስ ምናለበት የሚባል ነገር የለም።

ወደ ጓዳችን እንመለስ። ጤፍ ይህ የሚጎዳ ፕሮቲን የለበትም። በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፥ የሴልያክ ሕመምተኞችን የሚጎዳው ግሉተን እንዳልተገኘባቸው በ2005 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ የጤፍ ዱቄት ተፈላጊነቱ ጨመረ። አንድ የሆላንድ ኩባንያም በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ቆይቶ፥ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት መብቱን ዋጋ ቢስ ነው ብሎ ሽሮበታል። ዲኬ በሠራበት በዚያው ከተማ መሆኑ ነው።

ከጤፍ በቀር በቆሎ፥ ማሽላ፥ ዳጉሳ፥ ሩዝ፥ እንዲሁም ከእንሰት የሚገኙት ቡላና ቆጮ ከግሉተን ነጻ ናቸው። ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስር፥ ተልባ፥ ድንችና ስኳር ድንችም ምንም አይሉም። የአጃ ነገር ጥቂት ያከራክራል። አጃ ራሱ ብዙዎቹን ሕመምተኞች ባይጎዳም፥ በእርሻና በመጋዘን ከገብስና ከስንዴ ጋር መቀላቀሉ የተለመደ ስለሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ የገበያውን አጃ መስጠት አይገባም። በየቤቱ አጥሚት የሚሠራው ከአጃ ወይም ከገብስ ስለሆነ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ያቺ እናት ይህን ሁሉ ተምራ ለልጅዋ የጤፍ ገንፎና የጤፍ ቂጣ ትሠራለት ጀመር። ልጁም ጥቂት ሳምንት ደኅና ከሆነ በኋላ ሆዱ እንደገና ተነፋ። እርስዋም እጅግ አዘነች፤ ከተደበቀ ዳቦ እየሰረቀ ይበላል ብላም ልጁን ተቈጣችው። ልጁ ግን ምንም አልሰረቀም። ሐኪሙ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ካበቁ በኋላ የጠየቋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «እህልሽን የምታስፈጪው የት ነው?» አሏት።

በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ሄዳ ተራ ስትጠብቅ ነገሩ ተገለጠላት። ከፊቷ የነበሩት ሴትዮ ጤፋቸውን ከገብስ ጋር ቀላቅለው አስፈጩ፤ ከእርሳቸውም በፊት የነበረው ሰው እንዲሁ አድርጎ ነበር። ወፍጮው በመካከል አልተጠረገም። በእርስዋ ከረጢት ውስጥ በመጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት የሌላ ሰው ገብስ ያለበት ነው። ለባለወፍጮው ብትነግረው፥ «እትዬ፥ ጤፍ ጤፍ ነው፤ ትንሽ ብናኝ ምን ያደርጋል?» አላት። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለዚህ ሕመም ሰምቶ ስለማያውቅ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ያች ትንሽ ብናኝ ትበቃዋለች።

እንግዲህ ስለ ቁርሱ አሠራር ከመናገሬ በፊት የዱቄቱን ነገር ማስቀደሜ ስለዚህ ነው። ጤፉ ከመፈጨቱ በፊት ጠበቅ ባለ ወንፊት መነፋት አለበት። የጤፍ ፍሬ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ የማያልፍ ስለሆነ በወንፊቱ ዐይን ሾልኮ ይወርዳል፤ ከአውድማ ወይም ከነጋዴ መጋዘን አብሮት የመጣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ግን ከላይ ይቀራል። ይህን ማድረግ የሚቻለው እህሉ ፍሬ ሳለ ነው፤ አንድ ጊዜ ዱቄት ከሆነ በኋላ የሚለየው የለም። ስለዚህም የተፈጨ ጤፍ ከገበያ መግዛት ለዚህ ቤት አይሆንም። በአንዳንድ ወፍጮ ቤት ለጤፍ ብቻ የተመደበ ወፍጮ አለ፤ ሆኖም ከላይ እንደ ተናገርሁት ሰው ጤፉን ከገብስ ጋር ቀላቅሎ ስለሚያመጣ በስሙ ብቻ መተማመን አይቻልም። ከባለወፍጮው ጋር ተስማምቶ፥ ጧት ሥራ ሳይጀመር ወፍጮው በደንብ ተጠርጎ የመጀመሪያ ተራ መያዝ ይሻላል። እንዲህም ሆኖ መጀመሪያ የሚወርደውን ሁለት ሦስት ኪሎ ለይቶ ለጤነኞቹ የቤት ሰዎች ማድረግ ነው። ያቺ እናት አሁን የምታደርገው ይህንኑ ነው። ባለወፍጮውም ነገሩ ከገባው በኋላ ቅዳሜ ጧት እርስዋን ሳያስተናግድ ሌላ አይጀምርም።

በቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው እርሾ አለ። ከጎረቤት የተበደሩት እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የመጣ ከሆነ ንጹሑን የጤፍ ሊጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከራስ ጤፍ እርሾ ማስነሣትና ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል። የገበያ እንጀራም እንዲሁ ነው፤ በውስጡ ማሽላ ወይም ሩዝ ቢገባበት ጕዳት የለውም፥ ገብስ ወይም ስንዴ ቢገባበት ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ይህንም በዐይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ወንፊት፥ ማማሰያና የሊጥ ዕቃ ለየብቻ ይሁኑ። አምባሻ የተጋገረበት ምጣድ በደንብ ሳይወለወል የጤፍ ቂጣ አይጋገርበትም።

አሁን ስለ አሠራሩ ልናገር። ከሁሉ የሚቀድመው የጤፍ ገንፎ ነው። ለሁለት ሰው 2 ኩባያ ውሃ ከጥቂት ጨው ጋር ይጣዳል። ሲፈላ ከውሃው ግማሽ ኩባያ ያህል ተቀንሶ በጎን ይቀመጣል። ከዚያም 1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ ጋር ተደባልቆ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፥ እንዳይጓጕል በማማሰያ ሳይቋረጥ ይገነፋል። ሲጠጥር ያ የተቀመጠው ውሃ እየተጨመረ በቀስታ እሳት 15 ደቂቃ ያህል ይበስላል። ተልባውን መጨመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የጤፍ ገንፎ እንደ ገብሱ አይያያዝም፤ በማንኪያ ሲቈረጥ ይፈረካከሳል፤ ተልባው እርጥበት ሲያገኝ ስለሚያሙለጨልጭ አያይዞ ይይዘዋል። በመካከሉ ጕድጓድ ተበጅቶ ቅቤና በርበሬ ይደረግበታል፤ በጾም ቀን ደግሞ በቅቤው ፈንታ ዘይት ነው። የበቆሎና የዳጉሳ ገንፎም በዚሁ ዓይነት ይሠራል። የበቆሎው ግን ዱቄቱ በደንብ እንዲበስል እሳት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ጨጨብሳ የሚወድ ልጅ ከዚህ ምግብ ተለይቶ እንዲኖር አይገደድም። ሴቶች ሲሞክሩት የሚሳሳቱት የጤፉን ሊጥ እንደ ስንዴ አሽተው በእጅ ሊጠፈጥፉት ሲሞክሩ ነው። ጤፍ የሚለጥጠው ግሉተን ስለሌለው ይሰነጠቃል። ስለዚህ 1 ኩባያ ዱቄት በ1 ኩባያ ተኩል ያህል ውሃ፥ ከጥቂት ጨው ጋር ከእንጀራ ሊጥ ወፈር ብሎ ይበጠበጥና ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይፈስሳል፤ ከላዩ ሲደርቅ ይገለበጣል። ገና ትኩስ ሳለ ተቈራርሶ በተነጠረ ቅቤና በበርበሬ ይታሻል። ከቀዘቀዘ ቅቤውን አይጠጣም፤ ደረቅ ይሆናል። ማር የሚወዱ ማር ይጨምሩበት።

የቡላ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በእንሰት አገር ያደጉ ሰዎች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ቡላ የእንሰቱ ግንድና ሥር ተፍቆ ሲጨመቅ ከሚወርደው ውሃ በታች ረግቶ የሚገኘው ነጭ ነገር ነው። ይህ ከአውድማም ሆነ ከወፍጮ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ለዚህ ሕመምተኛ እጅግ የሚታመን ምግብ ነው። ለገንፎው 1 ኩባያ ቡላ በቅድሚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ በፈላ ውሃ ላይ እንደ ዱቄት ቢነሰነስ ወዲያው ይጓጕላልና። ከዚያም 2 ኩባያ ያህል ውሃ ወይም ወተት ተጨምሮበት፥ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ መስተዋት እስኪያሳይ ድረስ በቀስታ እሳት እየተማሰለ ይበስላል። ቅቤ ሲገባበት ለአራስ የሚሰጠው ያው ምግብ ነው። በአጃው አጥሚት ፈንታ ለሕፃን የሚጠጣ ነገር ማዘጋጀት የፈለገች እናት፥ 3 የሾርባ ማንኪያ ቡላ በ3 ኩባያ ወተት አፍልታ ብትሰጥ የተመቸ ይሆናል።

ቅንጬ ከተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ ይሠራል። የተከካው በቆሎ ማታ ተዘፍዝፎ ካላደረ ጧት ለትምህርት ቤት አይደርስም። 1 ኩባያው በ3 ኩባያ ውሃ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የሚቸኵል ሰው ሩዝ ይጠቀም።

ፍርፍር ከንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከሆነ ስለ እርሱ የምጨምረው የለኝም። ለፉሉ ደግሞ በዳቦው ፈንታ የተቀቀለ ድንች ተቈራርጦ ቢቀርብ፥ ዳቦውን የሚያስረሳ ባይሆንም ሆድ ይሞላል። ጤፍ በተወደደበት ጊዜ ድንችና በቆሎ ለኪስም ይረዳሉ። እንቁላል፥ እርጎ፥ ሽምብራ ንፍሮ የታወቁ ናቸው። የንፍሮው ድስት ግን ስንዴ የገባበት እንዳይሆን ይታሰብ።

በየሱቁ «ከግሉተን ነጻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከውጭ የመጣ ዕቃ ይሸጣል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ጣዕሙም ብዙ ጊዜ ከተከፈለበት ገንዘብ ጋር አይመጣጠንም። ኮዴክስ አሊሜንታሪዩስ በተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ መሠረት ይህ ስም የሚሰጠው በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ላለበት ምግብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሌለበትን ዕቃ ግን በግምት መግዛት አይገባም። ኮርን ፍሌክስ የሚባለው በቆሎ ነው ብለን እንታለል ይሆናል፤ ነገር ግን ብዙው ዓይነት ጣዕም እንዲሰጠው የገብስ ብቅል ይጨመርበታል።

ያ ልጅ አሁን ቀበቶው እየጠበበው ነው። ባለፈው ቡሄ ከጓደኞቹ ጋር ጅራፉን ይዞ በየደጁ ሲጨፍር ዋለ። ማታም ከድርሻው ሦስት ሙልሙል ይዞ ገባ። አንዱንም አልቀመሰም። ታናሽ እኅቱ ደጃፍ ላይ ትጠብቀው ኖሮ ሦስቱን ተቀብላው፥ በለውጡ ከድርሻዋ ላይ ግማሽ የጤፍ ጨጨብሳ ሰጠችው። እርሱ ግን ሦስት ሙልሙል በግማሽ ሳሕን አይሸጥም ብሎ ሲከራከር፥ እናቱ ሌላ ቂጣ ልትጋግር ምጣዱን ጣደች።